ሰፊ ግዛት ሳይበተን ማቆየት፦ በኢንቪክተስ ሞድ የሴሌውቆስን መንግሥት በመምራት ያገኘሁት ተሞክሮ

የጨዋታ አምራቹ ፓራዶክስ ኢምፔራተር ሮም የተባለውን የታሪክ ስልት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2019 ካወጣ በኋላ፣ በ2021 ማሪየስ የተሰኘውን የ2.0 ማሻሻያ አቅርቦ በዚያው ዓመት ልማቱን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን ያቆየው በፈቃደኛ ተጫዋቾች የሚዘጋጀውና በስቲም ወርክሾፕ በነጻ የሚገኘው ኢንቪክተስ የተባለው ሞድ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያሻሽልና የሚያሰፋ ተጨማሪ ሥራ ነው። እኔ በዚህ ሞድ አዘውትሬ የምመርጠው የሴሌውቆስን መንግሥት ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ304 ሲሆን፣ ታላቁ እስክንድር ከሞተ ገና ሃያ ዓመት አልሞላም። ከእስክንድር የጦር አዛዦች አንዱ የነበረው ሴሌውቆስ ከባቢሎን እስከ ባክትሪያ የተዘረጋ አገር በእጁ ይዟል፤ የገዥው ወገን የሆኑት መቄዶናውያን ግን በባቢሎናውያን፣ በፋርሶች፣ በሜዶናውያንና በባክትሪያውያን መካከል የተበተኑ ጥቂቶች ናቸው። በውጊያ ማሸነፍ እዚህ ቀላሉ ሥራ ነው፤ የተያዘውን አገር ማቆየት ግን ጭንቅላት ይበላል። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚህ ሁለተኛው ሥራ ላይ ለሚቸገሩ ተጫዋቾች እንዲረዳ ነው።

አዲስ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው በገጹ አናት ላይ የሚታየውን የመንግሥት መረጋጋት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ሲሆን፣ ከ50 በላይ ከሆነ ጥቅም ከ50 በታች ከወረደ ደግሞ ጉዳት ያመጣል፤ ምንም ካልነካነውም በዝግታ ወደ 50 ይመለሳል። እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉም ቁጥሮች ያነሰ የሚናገረው እርሱ ነው። መረጋጋቱ ከ60 በላይ ሆኖ ሳለ ምሥራቁ በሙሉ ሲገነጠል የተመለከትኩበት ጊዜ አለ። አገር የሚበተነው በሁለት ሌሎች ቁጥሮች ነው፤ አንዱ የእያንዳንዱ አውራጃ ታማኝነት፣ ሌላው የእያንዳንዱ ሹም ታማኝነት ነው። በሁለቱም ላይ ደግሞ ዛሬ ከሚታየው መጠን ይልቅ በየወሩ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው መጠን መታየት አለበት።

ነገሩን በአንድ አውራጃ ላሳይ። በሜዶን አገር ያለ አንድ አውራጃ ታማኝነቱ 45 ነው እንበል፤ በካርታው ላይ ሲታይ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ማውሱን ቁጥሩ ላይ ስናሳርፍ የሚወጣው ማብራሪያ ግን በየወሩ 0.25 እየቀነሰ መሆኑን ይነግረናል። አውራጃ ታማኝ አይደለም የሚባለው ከ33 ሲወርድ ስለሆነ፣ ልዩነቱ 12 ነጥብ ነው፤ 12ን ለ0.25 ስናካፍል 48 ወር፣ ማለትም አራት ዓመት እናገኛለን። በዚህ ጨዋታ አራት ዓመት ማለት አንድ መካከለኛ ጦርነት ተጀምሮ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ለመዝመት እየተዘጋጀሁ ከሆነ፣ ጦሩ ሶርያ ላይ ሳለ ያ አውራጃ ከኋላዬ ከ33 በታች እንደሚሆን አስቀድሜ አውቃለሁ ማለት ነው። ታማኝነቱ 38 ሆኖ በየወሩ 0.1 የሚጨምር አውራጃ ግን እንቅልፍ አይነሳኝም። ጦርነት ከማወጄ በፊት ጨዋታውን አቁሜ የአውራጃዎችን ታማኝነት በሚያሳየው ካርታ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ እያንዳንዱን እመለከታለሁ፤ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ የጠቀመኝ ልማድ የለም።

ታማኝነት የሚቀንሰው በአውራጃው ውስጥ አመጽ ሲበረታ ነው፤ አመጹ ደግሞ የሚመነጨው ደስታቸው ከ50 በመቶ በታች ከሆነ የሕዝብ ክፍሎች ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ «በዚህ አውራጃ ውስጥ ቅር የተሰኘው ማን ነው?» የሚል መሆን አለበት። የአውራጃውን ሕዝብ ዝርዝር ከፍቶ ከመኳንንቱ፣ ከዜጎቹ፣ ከነጻ ሰዎቹና ከባሮቹ መካከል ከ50 በታች የሆኑትን መለየት፣ ከዚያም ምክንያቱን ማንበብ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ባህል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ሃይማኖት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የጦርነት መሰልቸት ወይም ከብዙ ወረራ በኋላ የተከማቸው የጠበኛ መስፋፋት ነጥብ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መላውን አገር በአንድ ጊዜ የሚነኩ ስለሆኑ መድኃኒታቸው ሰላምና ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በእጃችን ያሉ ናቸው።

ባህልን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማዋሐድ፣ ማለትም ለአንድ ባህል ሰዎች የዜግነት መብት መስጠት ነው። ይህ ዓመታትን ይወስዳል፤ ሲፈጸም ግን የዚያ ባህል ሰዎች ደስታ ከፍ ይላል፤ በተጨማሪም የክተት ጦር የሚወጣው ከተዋሐዱ ባህሎች ብቻ ስለሆነ የጦሩ ቁጥር ያድጋል። ዋጋውም አለ፤ አዲስ ባህል በተዋሐደ ቁጥር ቀድሞ መብት የነበራቸው ቅር ይሰኛሉ። ሁለተኛው መንገድ የሌላውን ሕዝብ ቀስ በቀስ ወደ ገዥው ባህል መለወጥ ሲሆን፣ ይህም በአገረ ገዥው ፖሊሲና በከተሞች በሚሠራው ታላቅ ቴአትር ይፋጠናል።

ብዙ ተጫዋቾች ሁለቱን መንገዶች ደባልቀው ሲጓዙ አያለሁ፤ አንድን ሕዝብ ለማዋሐድ እያሰቡ በሌላ በኩል ያንኑ ሕዝብ መቄዶናዊ ለማድረግ ቴአትር ይሠራሉ። እኔ አስቀድሜ እለያለሁ። በሴሌውቆስ መንግሥት መጀመሪያ የማዋሕደው ባቢሎናውያንን ነው፤ በመሐል አገር በብዛት የሚኖሩ፣ ከተሞቻቸው የበለጸጉና ከዋና ከተማው የማይርቁ ስለሆኑ እነርሱ ጸጥ ካሉ የአገሪቱ ወገብ ጸና ማለት ነው። ቀጥሎ ፋርሶችን አዋሕዳለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሄድም። በየጥጉ የተበተኑትን ትናንሽ ባህሎች ለቴአትሩና ለጊዜ እተዋቸዋለሁ። ታሪኩም ቢሆን ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ እስክንድር በ324 (ከዚህ በታች ያሉት የጥንት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው) በሱሳ ሹማምንቱን ከምሥራቅ ሴቶች ጋር ሲያጋባ ሴሌውቆስ ያገባት አጳማ የሶግዲያናዊው የስፒታሜኔስ ልጅ ነበረች፤ አልጋ ወራሹ አንቲዮኮስም ከእርስዋ ተወለደ። ብዙዎቹ የመቄዶን መኳንንት እስክንድር ሲሞት ሚስቶቻቸውን ሲፈቱ ሴሌውቆስ ግን አልፈታትም።

ሃይማኖትን በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ እላለሁ። የጨዋታው ሕግ ገዥው መንግሥት ከሚያመልካቸው አራት አማልክት መካከል የተገዥ ሕዝቦችን አማልክት ጭምር እንዲያካትት ስለሚፈቅድ፣ አንዱን ቦታ ለምሥራቁ መተው ለእኔ የማይከፋ ውሳኔ ነው። አንቲዮኮስ ቀዳማዊ በ268 በቦርሲጳ የባቢሎናውያን አምላክ የነቦን ቤተ መቅደስ መሠረት ሲጥል ያስጻፈው የሸክላ ጽሑፍ ዛሬም አለ፤ በዚያም ራሱን የባቢሎን ንጉሥ ብሎ ጠርቷል። መቄዶናዊ ገዥ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገው ለእምነቱ ሲል ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ሹማምንቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሕዝቡ ቅሬታ ይልቅ አገር የሚያፈርሰው አገረ ገዥ ነው። በጨዋታው እያንዳንዱ ጠቅላይ ግዛት አንድ አገረ ገዥ አለው፤ ሙሰኛ ከሆነ በሥሩ ያሉት አውራጃዎች ታማኝነት ይቀንሳል፤ ጠቅላይ ግዛቱ ሰፊና ሕዝብ የበዛበት ከሆነ ደግሞ የእርሱ የኃይል መሠረት፣ ማለትም የሹሙ ጉልበት የሚለካበት ቁጥር፣ ይገዝፋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል እዚህ በቁጥር ተተርጉሞ ይገኛል። ታማኝ ያልሆኑት ሹማምንት የኃይል መሠረት ተደምሮ ከተወሰነ ልክ ካለፈ የርስ በርስ ጦርነት ይነሳል። ስለዚህ ሰው ስሾም ብልሃቱን ብቻ አልመለከትም። ብልሃቱ ከፍ ያለ ሆኖ ታማኝነቱ 40 የሆነና ሙስናው የሚያድግ ሰው ለትንሽ ጠቅላይ ግዛት ይሁን፤ እንደ ሜዶን ላለው ትልቅና ሩቅ አገር ግን መካከለኛ ችሎታ ያለው፣ የንጉሡ ወዳጅ የሆነ ሰው ይሻለኛል። በጨዋታው የንጉሥ ወዳጅነት ለታማኝነት የሚሰጠው ጭማሪ ዘላቂ ስለሆነ ከጉቦ ይሻላል። ጉቦ ታማኝነትን ለጊዜው ያነሳል፤ እጁን ለቀቅ አድርጎ መተውም እንዲሁ፤ ሆኖም ሁለቱም ሙስናውን ይጨምሩለታል፤ ሙስናው ደግሞ ዞሮ አውራጃውን ያስቀይማል።

በዚህ ረገድ ከእውነተኛው ታሪክ የሞሎን ነገር ሊታወስ ይገባል። አንቲዮኮስ ሳልሳዊ ገና ወጣት ሳለ የሜዶን አገረ ገዥ የነበረው ሞሎን በ222 አመጸ፤ የጎረቤቱ የፋርስ አገረ ገዥ ደግሞ ወንድሙ እስክንድር ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ትልልቅ አገሮችን ይዘው ስለነበር አመጹ እስከ ጤግሮስ ዳር ደረሰ፤ ንጉሡ ራሱ ዘምቶ በ220 ካሸነፈው በኋላ ነው የቆመው። በዚያው ዓመት ደግሞ የንጉሡ ዘመድ የሆነው አካዮስ በትንሿ እስያ ራሱን ንጉሥ አደረገ፤ እርሱ እስኪያዝ 213 ደረሰ። ከዚህ የወሰድኩት ልማድ ቀላል ነው፤ ተጎራባች የሆኑ ትልልቅ ጠቅላይ ግዛቶችን ለአንድ ቤተሰብ ሰዎች አልሰጥም፤ የአንዱ ቤተሰብ ሰው አገረ ገዥ ከሆነ በዚያ አካባቢ ያለውን ቋሚ ጦር የሚመራው ከሌላ ቤተሰብ ይሁን እላለሁ።

ይህን ስናደርግ ግን ታላላቅ ቤተሰቦችን መርሳት አይቻልም። እያንዳንዱ ታላቅ ቤተሰብ የሚጠብቀው የሹመት ብዛት አለው፤ ያን ሳያገኝ ሲቀር ተናቅሁ ይላል፤ የአባላቱም ታማኝነት ባንድነት መውረድ ይጀምራል። እኔ የቤተ መንግሥት ጸሐፊነቱን፣ ሐኪምነቱንና የመሳሰለውን ብዙ ሥልጣን የሌለውን ሹመት የምጠቀመው ለዚህ ነው። ኩርፊያ የጀመረ ቤተሰብ ካለ አገር ሳይሆን ማዕረግ እሰጠዋለሁ። በማዕከሉ ያሉ ሹማምንት ታማኝ በሆኑ መጠን በየወሩ የሚገኘው የፖለቲካ ተጽዕኖ ነጥብ ስለሚጨምር ለእነዚህ ቦታዎች ሰው መምረጥ በራሱ ገቢ ነው። ርስት መንጠቅና ማሰር የሚያምር መፍትሔ መስሎ ይታያል፤ የአምባገነንነት ነጥብ ስለሚያስከትል ግን አንዱን ቀጥቶ ሌሎቹን ማስኮረፍ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ አደገኛ በሆኑ ዓመታት የሹማምንቱን ደመወዝ ከፍ ማድረግ፣ ዓመታቱ ሲያልፉ መልሶ ዝቅ ማድረግ ይቀላል። ግምጃ ቤቱ ቅር ቢለው ይሻላል።

ቋሚ ጦርን በተመለከተም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንድ አዛዥ አንድን ጦር ለረጅም ጊዜ ሲመራ ከጦሩ ክፍሎች የተወሰኑት ለመንግሥቱ ሳይሆን ለእርሱ ታማኝ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ የኃይል መሠረቱ ያድጋል፤ ማንሳቱም ይከብዳል። በድል ላይ ድል የሚያመጣ አዛዥ ሲኖረን መቀየሩ አይሆንልንም፤ እኔ ግን ጦርነቱ ባለቀ ማግስት፣ ታማኝነቱ ገና ከፍ ብሎ ሳለ፣ እቀይረዋለሁ።

የአገረ ገዥዎቹ ፖሊሲ ከሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት የሚፈልገው ክፍል ነው። ፖሊሲ በተቀየረ ቁጥር የፖለቲካ ተጽዕኖ ነጥብ ስለሚያስከፍል ዛሬ ባህል ለመለወጥ፣ ነገ ግብር ለማሳደግ፣ ከነገ ወዲያ አመጽ ለማስታገሥ እየተባለ የሚቀያየር አውራጃ ነጥብ ከመብላት በቀር የሚፈይደው የለም። እኔ የምከተለው ደንብ በየወሩ ለውጡ ከዜሮ በታች የሆነ አውራጃ ሁሉ ራስ ገዝነት የሚሰጠውን ፖሊሲ እንዲያገኝ ማድረግ፣ ለውጡ ከዜሮ በላይ ሆኖ ታማኝነቱ ከ60 እስኪያልፍ ደግሞ አለመንካት ነው። ከ60 በላይ የሆነውን አውራጃ ባህል ወደሚለውጥ ፖሊሲ አዛውረዋለሁ። ግብር ወደሚያሳድገው ፖሊሲ የማሳልፈው የተዋሐደ ባህል የሚበዛበትን መሐል አገር ብቻ ነው።

የወረራው ፍጥነት ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ጦርነት ማወጅ መረጋጋትን ይቀንሳል፤ የሰላም ውል ማፍረስም እንዲሁ፤ የተያዘው አገር ደግሞ የጠበኛ መስፋፋት ነጥብን ያሳድጋል፤ ይህ ነጥብ የሚቀንሰው እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተ ነው። በዚህ ሁኔታ አንድ ጦርነት እንዳለቀ ሌላውን የሚጀምር ተጫዋች ካርታው ላይ ሲሰፋ ይታያል፤ ሆኖም ገና ያልተዋሐደው ሕዝብ ደስታ በሙሉ አብሮ ይወርዳል። እኔ ነጥቡ በግማሽ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። በዚያ ጊዜ ከተሞችን እመሠርታለሁ፣ መንገድ እሠራለሁ፣ ቴአትርና ቤተ መቅደስ አስገነባለሁ። ሴሌውቆስም ከኢጳሶስ ጦርነት በኋላ ያደረገው ይኸው ነበር፤ በ301 ተቀናቃኙን አንቲጎኖስን ካሸነፈ በኋላ ሶርያን ይዞ በ300 በሐዋርያት ሥራ የምናውቃትን አንጾኪያን መሠረተ፤ አጳሚያንና ሎዶቅያንም ጨመረ።

አንዳንድ አገር ደግሞ መያዙ ከሚያስገኘው የሚያስከፍለው ይበልጣል። ሴሌውቆስ በ303 አካባቢ የኢንዶስን ሸለቆና አጎራባቹን አገር ለማውርያው ንጉሥ ለቻንድራጉፕታ ለቅቆ በምትኩ 500 ዝሆኖች ተቀበለ፤ በኢጳሶስ ያሸነፈው በእነዚያ ዝሆኖች ጭምር ነው። ይህን ያነሳሁት ተጫዋቾች አንዲት ወረዳ መልቀቅን እንደ ውርደት ስለሚቆጥሩት ነው። ባክትሪያ ከዋና ከተማው እጅግ የራቀች ናት፤ ሕዝቧ የተለየ ባህል አለው፤ ጦር ለመላክ ወራት ይፈጃል። በታሪክም በ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አገረ ገዥዋ ዲዮዶቶስ ገንጥሏታል። ስለዚህ እኔ ባክትሪያን በጊዜ ራሷን የቻለች፣ ግብር የምትከፍል ጥገኛ መንግሥት አድርጌ እለቃታለሁ፤ ገቢው ቢቀንስም የምሥራቁ አገረ ገዥ የኃይል መሠረት አብሮ ይቀንሳል፤ እኔም የምጠብቀው ድንበር አንድ ያንሳል።

ንጉሥ ሲሞት የሚመጣው ችግር ከሁሉም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ሴሌውቆስ ጨዋታው ሲጀምር ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። አዲሱ ንጉሥ የአባቱን ወዳጆች አብሮ አይወርስም፤ ስለዚህ በወዳጅነት ብቻ ይታዘዙ የነበሩ አገረ ገዥዎች ታማኝነት በአንድ ቀን ይወርዳል። ንጉሡ ሲያረጅ አዲስ ጦርነት አልጀምርም፤ የፖለቲካ ተጽዕኖ ነጥብና ወርቅ አከማቻለሁ፤ አልጋ ወራሹ ተቀናቃኝ ካለው የተቀናቃኙን ደጋፊዎች አንድ በአንድ እያየሁ ኃይለኞቹን ወደ አልጋ ወራሹ ለመሳብ እሞክራለሁ። እውነተኛው ሴሌውቆስ በ290ዎቹ ልጁን አንቲዮኮስን አብሮ ንጉሥ አድርጎ ምሥራቁን እንዲገዛ ልኮት ነበር፤ በ281 የግብጽ ልዑል የነበረው ጰጦሊሞስ ኬራውኖስ በድንገት ሲገድለው አገሩ ቢናወጥም ወራሹ ማን እንደሆነ ጥያቄ አልተነሳም። በጨዋታውም አልጋ ወራሹን ቀደም ብሎ ሹመት ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በነገራችን ላይ በዚህ ወቅት ጨዋታውን በእጅ ሴቭ ማድረግን መልመድ ጥሩ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚጫወት ሰው በራሱ የሚመዘገበውን ሴቭ ተማምኖ መቀመጥ የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አመጽ ሊነሳ ይችላል። ታማኝነታቸው የወደቀ አውራጃዎች የሚያምጹት ብዙ ጊዜ ለየብቻቸው ሳይሆን ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ስለሆነ፣ አመጹ በተነሳበት ቀን ካርታው ላይ ትልቅ አገር ተቆርጦ ይታያል። ያን ጊዜ ድንበር ላይ ያለውን ጦር ሁሉ መመለስ አያስፈልግም። አንድ ቋሚ ጦር ሁልጊዜ በሜዶን መሐል፣ በአሕምታ አካባቢ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ተነስቶ በመጀመሪያ የዓመጸኞቹን የክተት ጦር ከመሰባሰቡ በፊት ይመታል፤ ምሽግ መክበብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ አገረ ገዥውን ከሌላ ቤተሰብ እሾማለሁ፤ በሁሉም አውራጃዎች ራስ ገዝነትን አውጃለሁ፤ በአካባቢው ያለውን ጦርም አላነሳም፤ የእያንዳንዳቸው የየወሩ ለውጥ ከዜሮ በላይ እስኪሆን ድረስ በየትኛውም ድንበር ጦርነት አላውጅም።